ከ7 ሲሊንደር ወደ 14፦ የጣሊያን ኮከብ ሞተሮች ጉዞ

ጣሊያኖች የኮከብ ቅርጽ ያለውን የአውሮፕላን ሞተር «ስቴላሬ» ይሉታል፤ ኮከባማ እንደማለት ነው። ሲሊንደሮቹ በአንድ ክራንክ ሻፍት ዙሪያ እንደ ጨረር ተዘርግተው ፊታቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ። ውሃም ራዲያተርም አያሻቸውም፤ የሚያቀዘቅዛቸው አውሮፕላኑ እየሰነጠቀ የሚያልፈው አየር ነው። በአንድ ረድፍ ያሉት ሲሊንደሮች ቁጥር ጎዶሎ የሚሆነውም በምክንያት ነው፦ አንዱን እየዘለሉ ሲቀጣጠሉ፣ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ እስኪዞር ለሁሉም በእኩል ልዩነት ተራ ይደርሳቸዋል።

በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አልፋ ሮሜዮ ጁፒተርና ሊንክስ የተባሉትን ሞተሮች በእንግሊዞች ፈቃድ ይሠራ ነበር። ፊያት ግን በአስርቱ ዓመት ማብቂያ የራሱን ኤ.50 አወጣ፤ 7 ሲሊንደርና 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ትንሽ ሞተር። የተገጠመውም በ1928 እ.ኤ.አ. ብቅ ባለው ኤ.ኤስ.1 በተባለ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ላይ ነው። በ1930 አብራሪው ፍራንቼስኮ ሎምባርዲ በዚህ አውሮፕላን ከጣሊያኗ ከተማ ከቬርቼሊ ተነሥቶ ቶኪዮ ገባ። ቀላል ሞተር ሩቅ መድረስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የመጣው ኤ.54 ጉልበቱን ወደ 140 አሳደገው። ነገር ግን የ1930ዎቹ ነፋስ ከሽርሽር ወደ ጦርነት ዞሮ ነበር። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ «ስቴላ» ብሎ የሰየመው ትልቅ ሞተር ሦስት ሦስት እየሆነ በካፕሮኒ 133 አውሮፕላን ላይ ተገጠመ፤ ኢትዮጵያን በወረረው ጦር እጅም ቦምብ ተሸክሞ በሀገራችን ሰማይ ላይ አገሳ። ውሃ አለመፈለጉ ለሽርሽር በራሪው እፎይታ ነበር፤ በሞቃት ሀገር ለዘመተው ወራሪ ግን ጉልበት ሆነው።

በዚያው አስርት ዓመት ፊያት ሁለት የሰባት ረድፍ አጣምሮ 14 ሲሊንደር ያለውን ኤ.74 ሠራ፤ ጉልበቱም 840 ደረሰ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር የነበረውን ተዋጊ አውሮፕላን ሲ.አር.32ን የተካው ሲ.አር.42 የበረረው በዚሁ ነው። ሆኖም የኮከብ ሞተር ሰፊ ግንባር ነፋሱን ስለሚገፋ ፍጥነት ይበላል። ስለዚህ ማኪ 202 የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ሲሠራ የተመረጠው በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝ ሞተር ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለትንሹ ኤ.50 ነው። ሰውን ከቬርቼሊ ቶኪዮ ለማድረስ 7 ሲሊንደር በቅቶት ነበር፤ ከዚያ በላይ የተጨመረውን ጉልበት አብዝቶ የጠራው ጦርነት ነው።