ጣርማበር ላይ የታጠፈው ብረት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ ጣርማበር ላይ ጉም ጠበቀን። በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን፣ የስድስት ዓመት ልጄ የመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ተጣሞ አየችና «እማዬ፣ ተበላሽቷል?» አለችኝ።

ብረቱ ሲገጩት እንዲታጠፍ ሆኖ ነው የሚሠራው። እየታጠፈ ግፊቱን ይቀበላል፤ መኪናውን ወደ ገደል ሳይለቅ፣ ወደ ሌላው መስመርም ሳያስፈነጥር በጎኑ ያንሸራትተዋል። ይህንን መቻሉ የሚታወቀው መኪና እያላተሙበት ነው። አውሮፓ የራሷ መስፈርት አላት፤ አሜሪካ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. «ማሽ» የሚባል የፍተሻ መመሪያ አወጣች። በማሽ ደረጃ 3፣ 1,100 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪናና 2,270 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረሩ በ25 ዲግሪ ማዕዘን ይገጩታል። መኪናው ውስጥ የተተከሉ መለኪያዎች ተሳፋሪ ምን ያህል ሊጎዳ ይችል እንደነበር ይመዘግባሉ። የብረቱ ጫፍ ለብቻው ይፈተናል፤ በደንብ ያልተሠራ ጫፍ እንደ ጦር መኪና ውስጥ ይገባልና።

ደረጃ 3ን ያለፈ ብረት ግን ወሎ የሚሄደውን ከባድ መኪና ያቆማል ማለት አይደለም። ደረጃ 4 ላይ የሚፈተነው በ10 ቶን የጭነት መኪና ነው። ያን ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንዴ የታጠፈ ብረት ደግሞ ሥራውን ጨርሷል፤ ካልተቀየረ ቀጣዩን መኪና ላይመልስ ይችላል።

«አዎ፣ ተበላሽቷል» አልኳት፤ «ግን ሰው አትርፎ ይሆናል።»

ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ማርሽ ቀነሰ። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ስንገዛም «መቼ ይቀይሩታል?» እያለች ነበር።