ከገበያ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ቀለባቸውን እንዴት እንደሚያገኙ

ሰው ሁሉ በገበያ አጠገብ አይኖርም። የኦሮሚያ ዞን ርእሰ ከተማ ከሆነችው ከከሚሴ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አገር ቆላ ነው፤ እየራቀም በሄደ ቁጥር ዝናቡ እያነሰ፣ እርሻው እየሳሳ፣ መንደሩም እየተበታተነ ይሄዳል። ከዚያም ወዲያ ሣርና ውሃ ወዳለበት ከብቱን እየነዳ የሚዘዋወረው የአፋር አርብቶ አደር ይገኛል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው እህል ወይም ጨው ባለቀበት ቀን ሄዶ ሊገዛ አይችልም፤ ስለዚህ ቀለቡን በቀን ቆጥሮ፣ በጭነት መዝኖ፣ በገበያ ቀን ሸምቶ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ አገር የታወቁ ሁለት ታላላቅ ገበያዎች አሉ። አንደኛው ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ ነው፤ ሁለተኛው በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ እሑድ እሑድ የሚቆመው የሰንበቴ ገበያ ነው፤ ስሙም ቀኑን ይናገራል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደጋው ወደ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት ስፍራ ስለ ተቀመጠ፣ ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው ሰው በዚያ ይገናኛል። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ማሽላውን፣ ጤፉን፣ በርበሬውንና ቡናውን ያቀርባሉ። ሦስት ቋንቋ በአንድ ሜዳ ይነገራል፤ ለመገበያየት የሚበቃውን ቃል ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከቆላ የሚቆረጠው ጨው አሞሌ ተብሎ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደ ነበር ሽማግሎች ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው በአገሩ ሁሉ ገበያ በዝቶአል።

በበጋ ጊዜ ነገሩ ጥቂት ይቀላል። የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ ሣሩ ስለማይደርቅ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ወደዚያ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወተቱም ለከተማው፣ እህሉም ለእርሱ ይቀርባል።

ከብት ያለው ሰው ስለ ምን እህል ይሸምታል? ከብቱን አርዶ አይበላምን? ቢሉ፣ ሥጋ በዋጋው ልክ የእህልን ያህል አያጠግብምና ነው። በደኅና ዘመን አንድ ፍየል ተሸጦ የሚገኘው እህል፣ የፍየሉ ሥጋ ከሚያጠግበው ይልቅ ብዙ ሰው ለብዙ ቀን ያጠግባል። ስለዚህ የድኻው አርብቶ አደር ኑሮ በወተቱ ብቻ ሳይሆን በባቲ ዋጋም ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህን ለማስረዳት ቍጥር ይጠቅማል። በአንድ ቤት 6 ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢበላ፣ ለቀኑ 3 ኪሎ፣ ለወሩ 90 ኪሎ ያስፈልጋል። አንድ ግመል 150 ኪሎ ቢጭን፣ ያ ጭነት 50 ቀን ያደርሳል። አንድ ፍየል 50 ኪሎ ማሽላ የሚያመጣ ቢሆን ጭነቱ በ3 ፍየል ይገዛል። ድርቅ ሲመጣ ግን ከብቱ ይከሳል፤ ሁሉም ለመሸጥ ይሽቀዳደማል፤ የሚገዛውም ያንሳል። ያን ጊዜ ፍየሉ 15 ኪሎ ብቻ ቢያመጣ ለዚያው ጭነት 10 ፍየል ያስፈልጋል። ግመሉም፣ መንገዱም፣ የሚበላውም ሰው ያው ነው፤ የተለወጠው ልውውጡ ብቻ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኃብ የታየው ይህ ነው። የሕንድ ተወላጅ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም ሳይወደድ ሰው በረኃብ አለቀ፤ ሕዝቡ ያጣው የሚገዛበትን እንጂ እህል ከአገሩ ፈጽሞ ጠፍቶ አልነበረም ይላል። ገበሬው አዝመራው ስለ ጠፋበት የሚሸጠው አልነበረውም፤ የአፋሩም ከብት ብዙው አልቆ የቀረው ዋጋ አጣ፤ በአዋሽ ዳር የነበረውም የበጋ ግጦሽ ከድርቁ በፊት ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበር። የተራበውም ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ዳር ተሰበሰበ። እህል የጫነ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ሰው በረኃብ መሞቱ እጅግ ያሳዝናል፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ የሌለውን ሰው መኪናው አይጠብቀውም።

ከዚህ የተነሣ አስተማሪ በየሰኞው የአንዱን ፍየልና የአንዱን ኩንታል ማሽላ ዋጋ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጠይቆ በአንድ መዝገብ ቢጽፍ፣ ተማሪዎቹም አንድ ኩንታል በስንት ፍየል እንደሚገዛ ቢያካፍሉ መልካም ነው። ቍጥሩ ሦስትና አራት ሳምንት በተከታታይ ሲያድግ ሽማግሎች ይንገሩት፤ ከብቱ ሳይከሳ ጥቂቱን ሸጦ እህል ለማስገባት ጊዜው ያን ጊዜ ነውና። መንገድም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ በደረሰ ጊዜ የደሴ ጎዳና ተዘግቶ ነበር፤ በቤቱ እህል የነበረውና ያልነበረው ሰው ያን ጊዜ ተለየ።

የገባውን እህል ማቆየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማሽላ በጎተራም በጉድጓድም ይቀመጣል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ውስጡ በገለባ ይለበሳል፤ አፉም በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። አየር ስለማያገኝ ነቀዙ ይሞታል፤ ነገር ግን ውሃ ከሰረገበት እህሉ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው፤ ይህም መርዝ በማብሰል አይጠፋምና የሻገተውን ለሰውም ለከብትም መስጠት አይገባም። ጉድጓዱ በተከፈተበት ሰዓት ወዲያው የሚገባ ሰው በታፈነው አየር ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ አፉ ለብዙ ሰዓት ተከፍቶ ይቆይ። ከዚያም የበራ ኩራዝ በገመድ ይውረድ፤ ቢጠፋ ማንም አይግባ፤ ባይጠፋም የሚገባው ሰው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከላይ ሌላ ሰው ይዞት ይሁን። ሕፃን ከቶ አይላክ። ለዘር የሚሆነው ማሽላ ግን በጉድጓድ ሙቀትና እርጥበት መብቀሉን ስለሚያጣ፣ ከነዛላው ተመርጦ ጭስ በሚያገኘው ከምድጃው በላይ ይሰቀላል።