መቶ እግር፦ ከእርጥበት የማይርቅ አዳኝ

ጥር ላይ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ዙሪያ ገበሬ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። የተናደ እርከን ለመጠገን ድንጋይ ሲያገላብጥ አልፎ አልፎ ከሥሩ ቡናማ፣ ጠፍጣፋና ፈጣን ነገር ብቅ ብሎ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። መቶ እግር ነው። ማሳው በደረቀበት ወቅት ያን ድንጋይ መጠለያ ያደረገው በምክንያት ነው፤ እርጥበት የቀረው ከሥሩ ነው።

የመቶ እግር አኗኗር አብዛኛው ከአንድ ጉድለት የመነጨ ነው። የብዙ ነፍሳት ቆዳ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ውኃቸውን ይይዝላቸዋል። የመቶ እግር ቆዳ ግን ውኃ አይቋጥርም። የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም እንደ ነፍሳቱ ጥሩ መዝጊያ የላቸውም፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ደርቆ ይሞታል። ቀን የሚደበቀው፣ ሌሊት የሚያድነው፣ ከኩበት ክምርና ከበሰበሰ ግንድ ሥር የሚገኘውም ለዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ጉድጓዱን ሲሞላበት ወደ ቤት ይዘልቃል፤ ጫማ ውስጥ የሚያድርበት ጊዜም አለ።

ብዙ ሰው ከነፍሳት ይቆጥረዋል። የነፍሳት እግር ግን 6 ብቻ ነው። መቶ እግር ከሺህ እግር ጋር ማይሪያፖዳ ከሚባለው ወገን ይመደባል፤ የራሱ መደብ ስም ደግሞ ኪሎፖዳ ነው። ሁለቱን መለየት አይከብድም። ሺህ እግር በአብዛኛው የሰውነቱ ቀለበት ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር አለው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የበሰበሰ ቅጠል ይበላል፣ ሲነኩት ይጠቀለላል። መቶ እግር በየቀለበቱ አንድ ጥንድ ብቻ ነው ያለው። ሥጋ በል ነው፤ በረሮ፣ ትልና ሸረሪት ያድናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ባየው ቁጥር ባይጨፈልቀው ጥሩ ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን አይምሩትም።

እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ3,000 በላይ ሲሆኑ በአምስት ክፍለ መደብ ይመደባሉ። ረጃጅም እግር ያላቸው የግድግዳ ሯጮች 15 ጥንድ እግር አላቸው፤ አጫጭሮቹ የድንጋይ ሥር ነዋሪዎችም እንደዚያው። ዓይን የሌላቸው ቀጫጭን አፈር ፈልፋዮች ከ27 እስከ 191 ጥንድ ይደርሳሉ። አንደኛው ክፍል በታዝማኒያና በኒውዚላንድ ብቻ ይገኛል፤ እኛን አይመለከትም። ሰው የሚፈራቸው ትልልቆቹ ስኮሎፔንድራዎች አብዛኛውን ጊዜ 21 ወይም 23 ጥንድ አላቸው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ስኮሎፔንድራ ሞርሲታንስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰፊው የአፍሪካ ክፍል ይኖራል።

ያደጉት ላይ የጥንዶቹ ቁጥር ጎዶሎ መሆኑን ልብ ይሏል። 50 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ፣ ልክ መቶ እግር ያለው መቶ እግር አይጠበቅም። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከፅንሱ ይጀምሩታል፦ አፈር ፈልፋዮቹ ላይ እንደታየው ቀለበቶቹ የሚፈጠሩት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ከዚያ የመጀመሪያው ጥንድ እግር መሄጃነቱን ትቶ ከጭንቅላቱ ሥር የመርዝ መንጋጋ ይሆናል። የቀረው ጎዶሎ ነው። እንዲህ የመርዝ መንጋጋ የሆነ የመሄጃ እግር ከመቶ እግር በቀር ሌላ እንስሳ የለውም።

ትልቁ ሲነድፍ ሕመሙ ኃይለኛ ነው፤ ቦታውም ያብጣል። ሰው የሚሞተው ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቦታውን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳ በሚችለው መጠን በሞቀ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም የተነደፈው ሕፃን ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በምላጭ መብጣት ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም።

የስኮሎፔንድራ እናት እንቁላል ከጣለች በኋላ በላያቸው ተጠቅልላ ምንም ሳትበላ ለሳምንታት ትቆያለች። እሷን ከመድረቅ የሚያድናት እርጥበት እንቁላሎቹ ላይ ሻጋታ ያመጣባቸዋልና፣ እየላሰች ታጸዳቸዋለች። ጫጩቶቹ እግራቸው ሞልቶ ነው የሚፈለፈሉት። ሰው ድንጋዩን ገልጦ ያወካት እንደሆነ ግን ጥላቸው ትሸሻለች፤ ወይም ራሷ ትበላቸዋለች።