የድብድብ ጨዋታዎች የሳንቲም ማሽኑን ለምን ዘለሉት?

ባንዳይ ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ቴከን 8» የተሰኘውን የድብድብ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ያወጣው በቀጥታ ለቤት ማጫወቻዎችና ለኮምፒውተር ነው። የቀደመው «ቴከን 7» ግን በ2015 በጃፓን አርኬዶች፣ ማለትም በሳንቲም በሚሠሩ የጨዋታ ቤቶች ተተክሎ፣ ወደ ቤት የገባው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር።

ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። የአርኬድ ማሽን ገዢው ተጫዋቹ ሳይሆን የጨዋታ ቤቱ ባለቤት ነው። ይኸው ባለቤት ውድ ማሽን ገዝቶ፣ የቦታ ኪራይና መብራት እየከፈለ፣ ወጪውን ሳንቲም በሳንቲም ይለቅማል። በጃፓን ሳንቲሟ ባለ 100 የን ናት፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከእርሷ ነው። የፍጆታ ታክስ በ1989 በ3 በመቶ ተጀምሮ በ1997 ወደ 5፣ በ2014 ወደ 8፣ በ2019 ወደ 10 በመቶ አደገ። ማሽኑ ግን 100 እንጂ 110 የን አይጎርስም። ሁለት ሳንቲም ማስከፈል ደግሞ ዋጋውን እጥፍ ማድረግ ነውና ደንበኛ ያሸሻል። በመሆኑም ታክሱ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል፤ በ1989 ከአንድ ሳንቲም 97 የን ገደማ ይቀርለት የነበረው ሰው በ10 በመቶው ታክስ የሚቀርለት 91 ገደማ ነው። ኪራዩና ደመወዙ ገና አልተነሳም። ስመ ጥሩው ሴጋ እንኳ፣ ወረርሽኙ ተጨምሮበት፣ በ2020 ከጨዋታ ቤቶች ኩባንያው 85.1 በመቶውን ድርሻ ጄንዳ ለተባለ ድርጅት ሸጧል።

አምራቾች ቀድሞ አርኬድን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ማሽኑ በአቅም ከቤት ማጫወቻ ይበልጥ ነበር፤ የጨዋታው እንከንም በተጫዋች እጅ ተፈትኖ ይታረም ነበር። አሁን የአቅሙ ልዩነት ጠቧል፣ ፍተሻውም በኢንተርኔት ይካሄዳል። ለቤት የሚሸጠው ጨዋታ ደግሞ ከተሸጠ በኋላም «ተጨማሪ ተፋላሚ» እየተባለ ለአምራቹ ገንዘብ ያመጣል።

መዝለሉ ብቻውን ግን አላዳነም። የአሜሪካው ሚድዌይ በ2001 የአርኬድ ክፍሉን ዘግቶ በ2002 አዲሱን «ሞርታል ኮምባት» በቀጥታ ለቤት ቢያቀርብም በ2009 የኪሳራ ከለላ ጠይቆ ጨዋታው ለዋርነር ተሸጧል። ካፕኮም በበኩሉ «ስትሪት ፋይተር 6»ን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ለቤት ገበያ አቅርቦ፣ የጃፓን አርኬዶች ያገኙት በታኅሣሥ ነው።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚታዩት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚሠሩት በዚሁ በቤት ማጫወቻ ነው። ሂሳቡን የሚቀበሉት በእጅ ስለሆነ ኪራይ ሲንር የአንዱን ጨዋታ ዋጋ በፈለጉት መጠን ከፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ይህ ዕድል በሳንቲም ብቻ ለሚሠራው የጃፓን ባለማሽን አልነበረውም።