የቃጫ ገመድና የ40 ደቂቃው ትምህርት

በጌዴኦ የምትገኘውን ሬኮን ከአካባቢው ውጭ ያለ ሰው የሚያውቃት በቡናዋ ነው። ለልጆቿ ግን ሬኮ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አድናቆት ያተረፈው፣ ቡና፣ እንሰትና ትልልቅ ዛፎች ተደራርበው የሚበቅሉበት ተዳፋት ለእነሱ የትምህርት ቤት መንገድ ነው። ታዲያ ይህን ወጥቶ ወርዶ ክፍል ለገባ ሕፃን «ሰውነት ማጎልመሻ» የሚባለው ትምህርት ምን ይጨምርለታል?

ሚዛን ብቻውን መልሱን አይነግረንም። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ20፣ ክብደታቸው 22 ኪሎ የሆነ ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች አሉ እንበል። ኪሎው ለቁመቱ ስኩዌር ሲካፈል የሁለቱም 15.3 ይመጣል። ሆኖም የአንዷ ሰውነት ወደ ጡንቻና አጥንት፣ የሌላዋ ወደ ስብ ሊያደላ ይችላል። ይህን ከሚለዩት መሣሪያዎች ቀላሉ መቆንጠጫ ይመስላል፤ የክንድን የኋላ ቆዳ ከነስቡ ይዞ ውፍረቱን በሚሊሜትር ያነባል። በልጆች ላይ ሌላም ጣጣ አለ፦ ከኪሎና ከቁመት የሚሰላው ቁጥር ከአንድ ዓመት ገደማ ጀምሮ እየቀነሰ ይመጣና ስድስት ዓመት አካባቢ ላይ መልሶ ይወጣል። ስለዚህ ልጅ የሚነጻጸረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ነው።

የስፖርት ትምህርት ሲጨመር የልጆች ስብ ይለወጥ እንደሆነ ለማየት በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገ ሙከራ በሳምንት ሦስት የነበረው የስፖርት ክፍለ ጊዜ አምስት ሆነ፤ በሌሎች ትምህርቶች መሃል አጫጭር እንቅስቃሴ ተጨመረ። በዓመቱ መጨረሻ የእነዚህ ልጆች የቆዳ ሥር ስብ ትምህርቱ ካልተጨመረላቸው ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዴንማርኳ ስቬንቦርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሳምንት ሁለት የነበረው ክፍለ ጊዜ ስድስት ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ የስብ ለውጡ ጎልቶ የታየው ሲጀመር ወፍራም በነበሩት ላይ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ጥያቄው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ከነዚህ መካከል አድጎ አንደኛ ክፍል ለሚገባው ልጅ የሚቀልጥ ስብ ሳይሆን የሚገነባ ጡንቻና አጥንት ነው የጎደለው። ዳገቱ እግርና ሳንባ ያጠነክራል። አጥንት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ዘሎ መሬት መርገጥን ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ከስድስት እስከ አሥር ዓመት የሆኑ ልጆች ከ61 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ላይ በየጊዜው መቶ መቶ ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሰባት ወር ዘለው ነበር፤ የዳሌና የወገብ አጥንታቸው ካልዘለሉት በልጦ ዳበረ።

ሰዓቱን እናስላ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ቢሰጥና ግማሹ በእውነተኛ እንቅስቃሴ ቢያልፍ የሚገኘው 40 ደቂቃ ነው፤ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አንድ ኳስ ለስድሳ ልጅ ሲሆንማ አብዛኛው ቆሞ ተመልካች ነው። ስለዚህ የስፖርት መምህሩ ሥራ በዚያች ሰዓት ልጁን ማላብ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሚዛን ጠብቆ ማረፍን፣ መወርወርን፣ መዝለልን አስተምሮ ቀሪውን 380 ደቂቃ ለእረፍት ሰዓቱ፣ ለሰኞ ማክሰኞ ጨዋታውና ለመንገዱ ያስረክባል።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጌዴኦ ውስጥ እንሰት ሲፋቅ ቆጮው ለምግብ ይቀመጣል፤ ቃጫው ታጥቦ፣ ደርቆ ገመድ ይሆናል። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያዞሩት ሦስተኛዋ መሃል ገብታ ትዘላለች፤ ተራዋን የምትጠብቀውም ትቆጥራለች። ችግሩ ያለው በሌላው የእንሰት ስጦታ ላይ ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። ገመዱ የጓሮ፣ ቆጮውም የጓሮ ነው፤ የዝላዩ ድካም ሥጋ ሆኖ እንዲቀር ግን ከቆጮው አጠገብ ባቄላ ወይም አይብ መቅረብ አለበት።