የቤት ውስጥ ሥራ ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም



የመንግሥት ሥራ አብዛኛው በወንበር ላይ የሚፈጸም ነው። ጸሐፊው ከመዝገብ፣ ሹሙም ከፊርማ ጋር ሲታገል ይውላል፤ አእምሮው ይደክማል እንጂ ጡንቻው አይደክምም። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባም ሁለተኛ ወንበር ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን፣ በየቤታችን ያለው መጥረጊያና መኮትኮቻ ለጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም በአጭሩ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ካሎሪ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በምግብ ረገድ አንድ ካሎሪ የሚባለው፣ አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ የሚያደርግ የሙቀት መጠን ነው። እንጨት በምድጃ ነዶ ሙቀት እንደሚሰጥ፣ የበላነውም ምግብ በሰውነታችን ውስጥ እየተቃጠለ ኃይል ይሰጠናል። ሳይቃጠል የተረፈው ስብ ሆኖ ይከማቻል።

ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 70 ካሎሪ ያህል ማለት ነው። ልብስ ቢተኩስ ወይም ሳህን ቢያጥብ ይህ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ቤት ቢጠርግና ወለል ቢወለውል ሦስት እጥፍ ያህል፣ ጓሮ ቢቆፍር ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢጠርግ 105 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ከዚህም ውስጥ 35ቱን ተቀምጦም ቢሆን ያቃጥለው ስለ ነበር፣ ትርፉ 70 ካሎሪ ነው።

ይህ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ በየቀኑ ቢደጋገም በዓመት ከ25,000 ካሎሪ ይበልጣል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ሒሳቡ ከሦስት ኪሎ ያልፋል። ሰውነት ክብደቱ ሲቀንስ ወጪውንም ስለሚቆጥብ፣ በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያንሳል። ደግሞም ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሁለት ብርጭቆ ሻይ የቀኑን ትርፍ ሁሉ ሊያጠፋው ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ሠርቻለሁ ብሎ ምግብ መጨመር ልፋትን ከንቱ ያደርጋል።

ጥቅሙ ግን በክብደት ብቻ አይወሰንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ሕመም የሚጠቁት በቁጥር ያነሱ ሆነው ተገኙ። ደብዳቤ አዳዮችና የፖስታ ቤት ጸሐፊዎችም ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ተመሳሳይ ነበር። ሾፌሮቹ ሲቀጠሩም ወፈር ያሉ እንደ ነበሩ ኋላ ስለ ታወቀ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከመቀመጥ መጣ ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች ዋናውን ሐሳብ አጽንተውታል።

የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መምሪያ፣ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ሲገልጽ፣ የቤት ውስጥ ሥራንም ቆጥሮታል። መካከለኛነቱ የሚታወቀው ሠሪው መናገር ሲችል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሹ ሲያጥረው ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ከባድ ዕቃ የሚያነሣም ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን ይጠፍ።

መጥረጊያ መያዝ የባለሥልጣንን ክብር አይቀንስም። ባል ይህን ሥራ ሲካፈል ለራሱ ጤናን፣ ለባለቤቱም ዕረፍትን ያተርፋል።