ኩባ ያልተጠራችባቸው ጉባኤዎች

ጃንዋሪ 1 ቀን 1899 እኩለ ቀን ላይ፣ በሀቫና ወደብ መግቢያ ከሚገኘው የሞሮ ምሽግ የስፔን ባንዲራ ወረደ። አራት መቶ ዓመት ገደማ የዘለቀ አገዛዝ በዚያች ቀን አበቃ። ለነፃነታቸው ሠላሳ ዓመት ሲዋደቁ የኖሩት ኩባውያን ግን በምትኩ ሲሰቀል ያዩት የራሳቸውን ሳይሆን የዩናይትድ ስቴትስን ባንዲራ ነበር። በረሃ የከረመው የኩባ ነፃ አውጪ ሠራዊት በዕለቱ በሰልፍ ወደ ከተማዋ እንዳይገባ ተከልክሏል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካና የኩባ ጠብ ሲነሳ ብዙዎቻችን ታሪኩን ከፊደል ካስትሮ እንጀምራለን። ጢማሞቹ አብዮተኞች፣ የሶቪየት ሚሳይል፣ ከዚያም ማዕቀቡ ይከተላሉ። ያ ግን የኋለኛው ምዕራፍ ነው። ካስትሮ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ዋሽንግተን በኩባ ዕጣ ላይ ስትመክር ኖራለች። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ስለ ኩባ ትልቅ ነገር ሲወሰን ወሳኞቹ በተቀመጡበት ኩባዊ አይገኝም።

ደሴቲቱ ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ የምትርቀው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ የተጋደመች በመሆኗ፣ ከኒው ኦርሊየንስ የሚነሳ መርከብ ወደ አትላንቲክ የሚወጣው በእሷ ጎን አልፎ ነው። አዲሲቱ አሜሪካ ዓይኗን የጣለችባትም ገና በማለዳ ነበር። በ1823 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ማድሪድ ላሉት መልዕክተኛቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ ማዕበል ከዛፉ የገነጠለው ፖም ወደ መሬት ከመውደቅ በቀር ምርጫ እንደሌለው ሁሉ ኩባም ከስፔን የተለየች ቀን መውደቂያዋ አሜሪካ ዘንድ ብቻ ነው ብለው ነበር። በ1848 ፕሬዚዳንት ፖልክ ደሴቲቱን በ100 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ስፔንን ጠየቁ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ በስፔን፣ በብሪታንያና በፈረንሳይ የነበሩት ሦስቱ የአሜሪካ ሚኒስትሮች ቤልጂግ፣ ኦስቴንድ ከተማ ተገናኝተው አንድ ሰነድ አዘጋጁ። እስከ 120 ሚሊዮን ዶላር እንስጥ፤ ስፔን አልሸጥም ካለችና ኩባ በእሷ እጅ መቆየቷ ለደኅንነታችን የሚያሰጋ ከሆነ በኃይል ብንወስዳት ትክክል ነን የሚል ነው ሐሳቡ። ከዚህ ሁሉ ጥድፊያ በስተጀርባ ባርነት ነበር። የደቡብ ግዛቶች ኩባን አንድ ተጨማሪ የባሪያ ግዛት ሊያደርጓት ይመኙ ነበር፤ የሄይቲ ዓይነት የጥቁሮች አብዮት በአፍንጫቸው ሥር እንዳይደገምም ይሰጉ ነበር።

ኩባውያን ግን የሚገዛቸውን እየጠበቁ የተቀመጡ ሕዝቦች አልነበሩም። በኦክቶበር 1868 ካርሎስ ማኑዌል ዴ ሴስፔዴስ የተባለው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤት ባሮቹን ነፃ አውጥቶ አብረውት እንዲዋጉ ጠራቸው። ያ ጦርነት አሥር ዓመት ፈጅቶ ያለ ድል ቢያበቃም፣ በ1895 እንደገና ተቀጣጠለ። የሁለተኛው ጦርነት ቀስቃሽ ገጣሚውና ጋዜጠኛው ሆሴ ማርቲ ነበር። ማርቲ የስደት ዘመኑን የመጨረሻ አሥራ አምስት ያህል ዓመታት በአብዛኛው ያሳለፈው ኒው ዮርክ ነው፤ አሜሪካን ከውስጥ ያውቃት ነበር። በጦር ሜዳ ከመውደቁ በፊት ባለው ቀን፣ ሜይ 18 ቀን 1895፣ ለሜክሲኳዊ ወዳጁ ደብዳቤ ጀምሮ ነበር። እስካሁን የሠራሁትም ሆነ ወደፊት የምሠራው ሁሉ፣ ኩባ ነፃ ወጥታ አሜሪካ በአንቲልስ ደሴቶች ላይ እንዳትንሰራፋ በጊዜ ለመከልከል ነው ይላል። ደብዳቤው ሳያልቅ ቀረ።

የፈራው ለመድረስ ሦስት ዓመት ነው የፈጀው። በፌብሩዋሪ 1898 ሀቫና ወደብ ቆማ የነበረችው ሜይን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ፈንድታ ከ260 በላይ መርከበኞች አለቁ። የኒው ዮርክ ጋዜጦች ጣታቸውን ወዲያው ስፔን ላይ ቀሰሩ። በ1976 በአድሚራል ሪኮቨር የተመራ ጥናት ፍንዳታው ከመርከቧ ውስጥ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም ብሏል፤ በጊዜው ግን ማን ሊሰማ! በኤፕሪል ጦርነት ታወጀ። የአሜሪካ ምክር ቤት ከጦርነቱ ውሳኔ ጋር ባጸደቀው የቴለር ማሻሻያ፣ ሰላም ከሰፈነ በኋላ ደሴቲቱን ለሕዝቧ እንተዋለን እንጂ አንገዛትም ሲል ቃል ገባ።

ጦርነቱ በወራት ውስጥ አለቀ። ስፔንን ለዓመታት ሲያደክም የኖረው የኩባ ሠራዊት ነው፤ የሳንቲያጎ ከተማ እጇን ስትሰጥ ግን የአሜሪካው አዛዥ ጄኔራል ሻፍተር የኩባውን ጄኔራል ካሊክስቶ ጋርሲያን ሠራዊት ወደ ከተማዋ አላስገባም አለ። ጋርሲያ ቁጣውን በደብዳቤ ገልጾ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዲሴምበር ፓሪስ ላይ የሰላሙ ውል ሲፈረም ፈራሚዎቹ ስፔንና አሜሪካ ብቻ ነበሩ። ኩባ አልተጠራችም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወታደራዊ አስተዳደር ምንም በጎ ነገር አልሠራም ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ቢጫ ወባ ከሀቫና ጠፍቷል። በነገራችን ላይ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ እንደሆነች በ1881 ያስረዳው ካርሎስ ፊንላይ የተባለ ኩባዊ ሐኪም ነው፤ ዝናውን ግን ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሐሳቡን በሙከራ ያረጋገጠው አሜሪካዊው ዋልተር ሪድ ወሰደው።

የዚህ ታሪክ እምብርት ያለው በ1901 ነው። ኩባውያን ተወካዮች ሀቫና ላይ ሕገ መንግሥት እያረቀቁ ሳለ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ከጦር ሠራዊቱ የበጀት ሕግ ጋር የፕላትን ማሻሻያ አጸደቀ። ማሻሻያው የአሜሪካ ጦር ከኩባ የሚወጣበትን ቅድመ ሁኔታ ይደነግጋል። ኩባ ነፃነቷን የሚነካ ውል ከሌላ አገር ጋር አትዋዋልም። ከገቢዋ በላይ አትበደርም። ለአሜሪካ የባህር ኃይልና ለድንጋይ ከሰል ማከማቻ የሚሆን መሬት ትሰጣለች። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ የኩባን ነፃነትና ሥርዓት ለመጠበቅ በሚል አሜሪካ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳላት ኩባ ራሷ ትቀበላለች። ይህ ሁሉ ደግሞ በራሷ ሕገ መንግሥት ውስጥ መጻፍ ነበረበት።

ተወካዮቹ እሺ አላሉም። መልዕክተኞች ዋሽንግተን ድረስ ሄደው የጦር ሚኒስትሩን ኤሊሁ ሩትን አነጋገሩ፤ ጣልቃ መግባት ማለት በየጉዳያችሁ እጃችንን እናስገባለን ማለት አይደለም የሚል ማስተማመኛ ይዘው ተመለሱ። ከባሪያ ቤተሰብ የተወለደው ሁዋን ጓልቤርቶ ጎሜዝ በዚህ አልተሸነገለም። ይህን መብት መስጠት በፈለጉ ሰዓት እንዲገቡ የቤታችንን ቁልፍ ማስረከብ ነው ብሎ ተከራከረ። ምርጫው ግን የፕላትን ማሻሻያ መቀበል ወይም በወታደራዊ አገዛዝ ሥር መቆየት ነበር። ጁን 12 ቀን 16 ለ11 በሆነ ድምፅ ሳይወዱ በግድ ተቀበሉት። በዚያው ዓመት የደሴቲቱ ወታደራዊ ገዥ ጄኔራል ሊዮናርድ ውድ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጻፉት ደብዳቤ፣ ከፕላት ማሻሻያ በኋላ ለኩባ የተረፈ ነፃነት ጥቂት ነው ወይም ጭራሽ የለም ሲሉ አምነዋል። በሜይ 1902 የኩባ ባንዲራ ሲሰቀል የተሰቀለው በዚህ ውል ላይ ነው።

የፕላት ማሻሻያ ስድስተኛው አንቀጽ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ባልተጠበቀ መንገድ ይገናኛል። አንቀጹ ከኩባ በስተደቡብ ያለችውን የጥዶች ደሴት ከኩባ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የማን እንደምትሆን ወደፊት በውል ይወሰን ይላል። አሜሪካውያን ሰፋሪዎች መሬት እየገዙ ገቡባት። ደሴቲቱ የኩባ ናት የሚለው ውል በ1904 ቢፈረምም፣ የአሜሪካ ሴኔት እስኪያጸድቀው 1925 ደረሰ። ይህችው ደሴት በ1978 የወጣቶች ደሴት ተባለች። በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ በኦጋዴን ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ፣ ተልከው የተማሩት እዚያ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስፓኒሽ ሲናገሩ የምንሰማቸው የኩባ ተማሪዎች ያደጉት፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ባለቤትነቷ በሌሎች ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ በነበረ ምድር ነው።

ጓንታናሞም የተገኘው ከዚሁ ማሻሻያ ነው። በ1903 ዓመታዊ ኪራዩ 2,000 ዶላር በወርቅ ሆኖ ለአሜሪካ ባህር ኃይል ተሰጠ። በ1934 የተፈረመው ውል ኪራዩ የሚያበቃው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ወይም አሜሪካ ራሷ ስትለቅ ብቻ ነው ስለሚል፣ ኩባ ብቻዋን ልታፈርሰው አትችልም። ኋላ 4,085 ዶላር የሆነውን ኪራይ አሜሪካ በየዓመቱ በቼክ ስትልክ ኖራለች። የካስትሮ መንግሥት የመነዘረው በአብዮቱ መጀመሪያ የመጣውን አንድ ቼክ ብቻ ነው።

የጎሜዝ ፍርሃት እውን ለመሆን አልዘገየም። የአሜሪካ ጦር ከ1906 እስከ 1909 ደሴቲቱን ዳግም አስተዳደረ፤ በ1912 እና በ1917ም ወታደር አስገባ። በ1933 ሕዝባዊ ዓመፅ አምባገነኑን ማቻዶን ሲጥል፣ ግራው ሳን ማርቲን የሚመራው ተተኪ መንግሥት የፕላትን ማሻሻያ ሻርኩት አለ። ዋሽንግተን ዕውቅና ነፈገችው፤ አራት ወር ያህል ቆይቶ ወደቀ፤ አገሩም በጦሩ አዛዥ በባቲስታ እጅ ገባ። ያኔ ነው ማሻሻያው በ1934 በይፋ የተሰረዘው።

ወታደር ማስገባትም ከዚያ ወዲያ ብዙ አላስፈለገም፤ ስኳሩ በቂ ነበር። ኩባ ምን ያህል ስኳር በአሜሪካ ገበያ እንደምትሸጥ የሚወስነው የአሜሪካ ምክር ቤት የሚያወጣው ኮታ ነበር። በ1950ዎቹ ከስልክና ከመብራት አገልግሎቱ ከ90 በመቶ በላይ፣ ከጥሬ ስኳር ምርቱ 40 በመቶ ያህል በአሜሪካ ኩባንያዎች እጅ ነበር። የኩባ ገበሬ ኑሮ የሚመዘነው ዋሽንግተን ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። በሀቫና የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኧርል ስሚዝ በ1960 ለሴኔት ሲመሰክሩ፣ ከካስትሮ በፊት የአሜሪካ አምባሳደር በኩባ ሁለተኛው ትልቅ ሰው ነበር፣ አንዳንዴም ከፕሬዚዳንቱ ይበልጥ ነበር ብለዋል።

ካስትሮን ለሥልጣን ያበቃውን የ1959 አብዮት ያለዚህ ሁሉ መረዳት አይቻልም። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል፤ የመሬት አዋጁ፣ የስኳር ኮታው መቆረጥ፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች መወረስ። በኤፕሪል 1961 ሲአይኤ ያሠለጠናቸው 1,400 ያህል ስደተኞች የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ በሚባለው ጠረፍ አርፈው በሦስት ቀን ውስጥ ተሸነፉ። በ1975 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ካስትሮን ለመግደል ቢያንስ ስምንት ሴራዎች እንደተጠነሰሱ አረጋግጧል። በኦክቶበር 1962 ዓለም በኑክሌር ጦርነት አፋፍ ላይ ስትቆም ደግሞ የአሜሪካው ኬኔዲና የሶቪየቱ ክሩስቾቭ ደብዳቤ ተለዋውጠው ተስማሙ። ሶቪየት ኩባ ላይ የተከለቻቸው ሚሳይሎች እንደሚነሱ ካስትሮ ያወቀው ከዜና ነው። በዚህኛው ጊዜ ኩባን የዘለላት ጠላቷ ብቻ ሳይሆን ወዳጇም ጭምር ነበር።

ይህ ማለት የሀቫና መንግሥት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አንድ ፓርቲ ብቻ የሚፈቅድ፣ ተቃዋሚን የሚያስር፣ ነፃ ጋዜጣን የሚዘጋ ሥርዓት ነው፤ በ1980 ብቻ 125,000 ያህል ሰው በማሪየል ወደብ በኩል ተሰዷል። የራሱን ጥፋት ሁሉ በአሜሪካ ማዕቀብ ማሳበብም ለምዷል። ግን ማዕቀቡ ራሱ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር። በኤፕሪል 1960 አንድ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በጻፈው ማስታወሻ፣ አብዛኛው ኩባዊ ካስትሮን ስለሚደግፍ ገንዘብና ዕቃ እንዳይገባ አድርጎ ረሃብና ተስፋ መቁረጥ በመፍጠር መንግሥቱን መጣል ይገባል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሕዝብ የሚደግፈውን መንግሥት ለመጣል ሕዝቡን ማስራብ በየትኛውም ሚዛን በደል ነው።

ማዕቀቡ በ1962 ሙሉ ሆነ፤ በ1996 ደግሞ የሄልምስ በርተን ሕግ አጠበቀው። ይህ ሕግ ማዕቀቡ የሚነሳው በኩባ ምን ዓይነት መንግሥት ሲቋቋም እንደሆነ በዝርዝር ያስቀምጣል፤ ፊደልም ሆነ ወንድሙ ራውል በሽግግሩ መንግሥት ውስጥ መኖር የለባቸውም ይላል። ዋሽንግተን የጻፈችውን ሀቫና እንድትፈጽም የሚጠብቀው የ1901 አሠራር ይህ ነው። በ2016 ኦባማ ሀቫናን ሲጎበኙ፣ ከካልቪን ኩሊጅ የ1928 ጉዞ ወዲህ ኩባን የረገጡ የመጀመሪያው በሥልጣን ላይ ያሉ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የሁለቱን አገሮች ኤምባሲዎች ቢያስከፍቱም ማዕቀቡን ማንሳት አልቻሉም፤ ሕጉ ሥልጣኑን ለምክር ቤቱ ሰጥቶታል። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ባይደን ኩባን ሽብርን ከሚደግፉ አገሮች መዝገብ እንደሚያወጧት አስታወቁ። ስድስት ቀን ቆይቶ ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት ውሳኔውን ሻሩት።